ከበኣት እስከ ከተማ፤ የሌ ኮርቡዚዬ የሕይወት ታሪክ



በዚህ ዓምድ የምናቀርባቸው የሕይወት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የቅዱሳን ወይም ወንጌልን ለማስፋፋት የደከሙ አባቶችና እናቶች ታሪኮች ናቸው። በዚህ ዕትም የምንተርከው ግን ቅዱስ ያልተባለ፣ ካቶሊካዊም ያልነበረ፣ ራሱንም እንደ ምእመን ያልቈጠረ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው በሃያኛው ምዕተ ዓመት የሥነ ሕንፃን መልክ ከለወጡት መካከል ግንባር ቀደም የሆነው ሌ ኮርቡዚዬ ነው። ስሙን ሰምተን የማናውቅ እንኳ የአሳቡን ፍሬ በየከተማው እናየዋለን፤ በአርማታ ዓምዶች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ፎቅ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስኮት፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ የመኖሪያ ክፍል። ታሪኩን እንድናነሣ ያደረገን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ሰው ለዘመናዊው ከተማ ያለመውን ቤት መጀመሪያ ያየው በመነኮሳት በኣት ውስጥ ነበር፤ በሕይወቱም ማምሻ ተመልሶ ለገዳማውያን በኣት ሠራ። በሁለቱ መካከል እርሱና ተከታዮቹ ለሕዝብ ያቀዱት መኖሪያ ግን በብዙ ስፍራ እንደ ታሰበው ማረፊያ ሳይሆን ሰውን አጥሮ የሚይዝ ግቢ ሆኖ ተገኘ። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የወላጆቹ ስም ያወጣለት ሻርል ኤድዋር ዣነሬ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 1887 በስዊስ አገር፣ በዡራ ተራሮች መካከል በምትገኘው ላ ሾ ደ ፎን በተባለች የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ተወለደ። አባቱ የሰዓት ገጽ በመቀባት ሙያ የሚተዳደር ሲሆን፣ እናቱ ፒያኖ ታስተምር ነበር። ቤተ ሰቡ ፕሮቴስታንት ነው። ከተማይቱ በ1794 በእሳት ወድማ እንደ ገና ስትሠራ መንገዶቿ ሁሉ ቀጥ ብለው እንዲሠመሩ ተደርጎ ነበርና፣ ሕፃኑ ያደገው በመሥመር በተለካ አገር ነው። በከተማይቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምረው የነበረው ሻርል ሌፕላትኒዬ ተሰጥኦውን ተመልክቶ ወደ ሥነ ሕንፃ መራው።

በ1907 ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳለ ወደ ጣልያን ተጓዘ። በፊሬንሴ ከተማ አጠገብ በኮረብታ ላይ የሚገኘውን የኤማ ገዳም የጐበኘው በዚህ ጊዜ ነው። ገዳሙ በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት የተመሠረተ የካርቱዚያን መነኮሳት ገዳም ነበር። የካርቱዚያን ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን ካሉት የምንኵስና ሥርዓቶች ሁሉ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ መሆኑን አንባብያን ያውቃሉ። እያንዳንዱ መነኵሴ ለብቻው ትንሽ ቤትና በግንብ የታጠረች የአትክልት ስፍራ አለችው፤ ምግቡ በበሩ አጠገብ ባለች ትንሽ መስኮት ይቀመጥለታል፤ ቀኑን በጸሎት፣ በንባብና በእጅ ሥራ ያሳልፋል። ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ሰፊ ቅጥር ዙሪያ ተደርድረው በአንድ መተላለፊያ ከቤተ ጸሎቱና ከማዕድ ቤቱ ጋር ይገናኛሉ። ብቸኝነትና ማኅበር በአንድ ጣሪያ ሥር ተስማምተው የሚኖሩበት ስፍራ ነው።

ወጣቱ በዚህ እጅግ ተደነቀ። እንዲህ ባለ ቤት ዕድሜውን ሁሉ ቢኖር እንደሚወድ ለወላጆቹ ጻፈላቸው፤ ለሠራተኛው ሕዝብ የሚሆነውም ቤት ይህ ነው ብሎ አመነ። በ1911 ወደ ምሥራቅ ባደረገው ረጅም ጕዞ ኢስታንቡልን፣ የአቶስን ተራራ ገዳማትና አቴናን ካየ በኋላ፣ በመመለሻው ኤማን በድጋሚ ጐበኘ። በደብተሩ የክፍሎቹን ስፋት፣ የአትክልቱን ቦታ፣ የብርሃኑን አገባብ ነደፈ። በንድፍ ሊያሠፍረው ያልቻለው ግን አንድ ነገር ነበር። የካርቱዚያን መነኵሴ በዚያ በኣት ጸንቶ የሚኖረው ለዓመታት ተፈትኖ፣ መውጣት እየቻለ ለመቅረት ወስኖ ነው። ግድግዳውን ጠባብ ወይም ሰፊ የሚያደርገው ይህ ፈቃድ መሆኑን የምንኵስናን ሕይወት ጥቂትም ቢሆን የሚያውቅ ይረዳዋል።

በ1917 ኑሮውን በፓሪስ አደረገ፤ በ1920 ሌ ኮርቡዚዬ የሚለውን የብዕር ስም ወሰደ። ከዚያ በፊት በ1914፣ ጦርነቱ ያፈረሳቸውን ቤቶች በፍጥነት ለመተካት ይረዳ ዘንድ፣ የአርማታ ዓምድና ወለል ብቻ ያሉትንና ግድግዳው እንደ ነዋሪው አሳብ የሚቆምበትን የቤት ዐፅም ነድፎ ነበር። በ1923 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ቤትን ከመኪናና ከአውሮፕላን ጋር አመሳስሎ፣ እንደ እነርሱ በፋብሪካ ሥርዓት ሊመረት እንደሚገባው ተከራከረ። አሳቡ ከክፋት የመነጨ አልነበረም። በዚያ ዘመን በፓሪስ አሮጌ ሰፈሮች ድኻው ፀሓይ በማይገባበት ክፍል ተፋፍጎ ይኖር ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳም በየቤቱ ይገድል ነበር። ለዚህ ሕዝብ ፀሓይ፣ አየርና ዛፍ እንዲደርሰው መሻቱን ማንም ሊነቅፈው አይችልም።

ነገር ግን መድኃኒቱ የመጣው ከላይ ወደ ታች ነበር። በ1922 ለሦስት ሚልዮን ሰው የሚሆን አዲስ ከተማ በወረቀት ላይ አሳየ። በ1925 ደግሞ ከፓሪስ መካከል፣ ከሴን ወንዝ በስተ ሰሜን ያለውን ሰፊ አሮጌ ሰፈር አፍርሶ በምትኩ አሥራ ስምንት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ግዙፍ ሕንፃዎችን ለማቆም አቀደ። ዕቅዱ ቩዋዛን በተባለው የአውሮፕላንና የአውቶሞቢል ሠሪ ስም ተሰየመ። ፓሪስ አልተቀበለችውም። ሆኖም ንድፉ በዓለም ላይ ዞረ፤ ከእርሱም ይልቅ የርቀት ተማሪዎቹ ተጠቀሙበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የደረሰው በቦርዶ ከተማ አጠገብ በፔሳክ ነው። ሄንሪ ፍሩዤስ የተባለ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ለሠራተኞች ቤት እንዲሠራለት ጠየቀው፤ ሃምሳ ያህል ቤቶች ተሠርተው በ1926 ተመረቁ። ጠፍጣፋ ጣሪያቸውና ደማቅ ቀለማቸው ለአገሩ ሰው እንግዳ ነበር፤ ውኃም በጊዜው ስላልገባላቸው ቤቶቹ ለተወሰኑ ዓመታት ባዶ ቆዩ። ሰዎች ከገቡባቸው በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ እንደየፍላጎቱ ይለውጣቸው ጀመር። አንዱ ረጅሙን መስኮት አጠበበ፣ ሌላው ተዳፋት ክዳን ጨመረ፣ ሌላው ከሥር ክፍት የነበረውን ቦታ ግድግዳ አበጅቶ ጓዳ አደረገው። የሥነ ሕንፃ ሰዎች በዚህ አዘኑ። እኛ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙ የሰው ኑሮ የሚነበብባቸው እነዚህ ቤቶች ይመስሉናል። ቤቶቹ ለመለወጥ ይመቹ ነበር፤ ነዋሪውም የሚከለክለው አልነበረም።

በፓሪስ የሆነው ከዚህ ተቃራኒ ነው። ሳልቬሽን አርሚ በመባል የሚታወቀው የፕሮቴስታንት የበጎ አድራጎት ማኅበር መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች የሚሆን ትልቅ ማረፊያ እንዲሠራለት አዘዘው። ሥራው ተፈጽሞ በታኅሣሥ 1933 ተመረቀ። አምስት መቶ ያህል አልጋ ነበረው፤ ከጎዳና የመጣ ሰው ተመዝግቦ፣ ታጥቦ፣ በልቶ የሚተኛበት፣ ልጅ የያዙ እናቶችም የሚጠለሉበት ቤት ነው። ወደ ደቡብ የሚመለከተውን ግንባሩን በሙሉ በመስተዋት ሸፈነው፤ መስተዋቱም የሚከፈት መስኮት አልነበረውም። ሌ ኮርቡዚዬ ያሰበው በክረምት የሚሞቅ፣ በበጋ የሚቀዘቅዝ የተጣራ አየር በመኪና እየተነፋ ቤቱን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሙቀት እንዲጠብቅ ነበር። ገንዘቡ ስላልበቃ የማቀዝቀዣው ክፍል ሳይተከል ቀረ፤ መስተዋቱ ግን እንደ ተዘጋ ቆየ።

ክረምቱ በመልካም አለፈ። በጋው ሲገባ ቤቱ ሰው የሚታፈንበት ሆነ፤ ከሁሉም ይበልጥ የተቸገሩት እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። አስተዳዳሪዎቹ መስኮት እንዲከፈት ለመኑ። እርሱ ግን አሳቡ ትክክል እንደሆነና ችግሩ በመሣሪያው አጠቃቀም እንደሆነ እየተሟገተ እንቢ አለ። በመጨረሻ በ1935 የመንግሥት ባለሥልጣናት አዝዘው የሚከፈቱ መስኮቶች ተበጁ። በ1944 በአቅራቢያው ቦምብ ወድቆ መስተዋቱን አረገፈው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲታደስ ፀሓይን የሚከላከል የአርማታ ጥላ ተሠራለት። ቤቱ እስከ ዛሬ ለዚያው አገልግሎት ይውላል። በየቁምስናችን አዳራሽ፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ወይም የአረጋውያን ቤት በሚሠራበት ጊዜ ከንድፉ ጋር ይህ የመስኮት ክርክር ቢነገር መልካም ነው እንላለን። ለተቸገረ የተሠራ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሞቀኝ ሲል የሚሰማው ከሌለ፣ በቸርነት የተሠራውም ቤት ከእስር ቤት የሚለይበት ነገር ጥቂት ይሆናል።

ታላቁን ዕቅዱን የሚፈጽምለት መንግሥት ፍለጋ ሌ ኮርቡዚዬን ወደ ብዙ ደጅ ወስዶታል። ሞስኮ ድረስ ሄዶ ሠርቷል፤ በ1934 በፋሺስት ጣልያን ንግግር አድርጓል። በ1936 ደግሞ አገራችንን የሚመለከት ነገር አደረገ። የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ (በእኛ አቆጣጠር ጦሩ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው) ለአዲሲቱ የቅኝ ግዛት ከተማ የሚሆን ንድፍ አዘጋጅቶ ለጣልያን ባለሥልጣናት ላከ። ከተማይቱን አይቷት አያውቅም። በንድፉ ላይ አንድ ሰፊ ቀጥተኛ ጎዳና ከሰሜን እስከ ደቡብ ይሰነጥቃታል፤ አራዳ፣ ጉለሌ፣ በየአድባራቱ ዙሪያ የተሰባሰቡት ሰፈሮች፣ በዚያም የሚኖረው ሕዝብ እንዳልነበሩ ተቈጥረዋል። ጣልያኖቹ የእርሱን ትተው ሥራውን ለራሳቸው ሰዎች ለጉዊዲና ለቫሌ ሰጡ። ሕዝቡ ከሐዘን ባልወጣበት ሰዓት በሌላ አገር ጠረጴዛ ላይ ከተማው በእርሳስ ሲፋቅ የነበረ መሆኑን ያወቅን ብዙዎች አይደለንም።

ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ከወደቀች በኋላም ይኸው ፍለጋ አልተቋረጠም። ከ1941 እስከ 1942 በቪሺ ከተማ ተቀምጦ ከማርሻል ፔታን መንግሥት ሥራ ለማግኘት ደጅ ጠና። በዚያ ዘመን በጻፋቸው የግል ደብዳቤዎች ውስጥ አይሁድን የሚያንቋሽሹ ቃላት መገኘታቸው ሊሸሸግ አይገባውም። ቪሺም የሚፈልገውን ሳትሰጠው ቀረች።

በእነዚያው ዓመታት በፓሪስ ዳርቻ በድራንሲ የሆነውን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ላ ሙዬት የተባለ የመኖሪያ ሰፈር ነበር። የሌ ኮርቡዚዬ ሥራ አይደለም፤ ቦዱዋንና ሎድስ የተባሉ ሁለት የዘመኑ አርክቴክቶች በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በፋብሪካ በተዘጋጀ አርማታ፣ ለሠራተኞች ቤተ ሰቦች ብለው በተመሳሳይ ተስፋ የሠሩት ነው። ሥራው ሳያልቅ ተቋረጠ። ከሕንፃዎቹ አንዱ ግቢውን በሦስት ወገን የሚዘጋ ባለ አራት ፎቅ ስለነበረ፣ አራተኛውን ወገን በእሾሃማ ሽቦ ማጠር ብቻ በቂ ሆነ። ከ1941 ጀምሮ የአይሁድ ማጎሪያ ሆኖ ከ60,000 በላይ ሰዎች ከዚያ ወደ ሞት ሰፈሮች ተጋዙ። ከአይሁድ ተወልዶ በ1915 የካቶሊክ ጥምቀትን የተቀበለው ባለቅኔው ማክስ ዣኮብም መጋቢት 5 ቀን 1944 በዚያው ግቢ ታሞ ዐረፈ። ዛሬ ሕንፃው ወደ መኖሪያነቱ ተመልሶ ሰው ይኖርበታል።

ከጦርነቱ በኋላ ሌ ኮርቡዚዬ የለፋለትን ዕድል አገኘ። ከ1947 እስከ 1952 በማርሴይ ከተማ 337 መኖሪያዎች ያሉት፣ 1,600 ያህል ሰው የሚይዝ ግዙፍ ሕንፃ አቆመ። በመካከሉ የሱቆች መተላለፊያ፣ በጣሪያው ላይ የሕፃናት መዋያና የስፖርት ሥፍራ አለው። ልኩ ሁሉ የወጣው ሞዱሎር ብሎ ከሰየመው መለኪያ ሲሆን፣ መነሻው ቁመቱ 1.83 ሜትር የሆነ አንድ ሰው ነው። ሁሉን ሰው በአንድ ረጅም ወንድ መለካቱ ሊያስገርም ይችላል። የከተማው ሰዎች ሕንፃውን የዕብድ ቤት እያሉ ቢቀልዱበትም፣ ወደውና ገዝተው የገቡት ነዋሪዎች ወደዱት፤ ዛሬም ተፈላጊ ነው።

ችግሩ የጎላው ርካሽ ቅጂዎቹ በየአገሩ ሲበዙ ነው። ሱቁና የሕፃናት መዋያው ቀርቶ ፎቁ ብቻ ተወሰደ። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሚኖሩ ያማሳኪ የነደፈው ፕሩት አይጎ የተባለው ሰፈር፣ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ 33 ሕንፃዎች ሆኖ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለድሆች ተሠራ። ወጪ ለመቀነስ አሳንሰሩ በየሦስተኛው ፎቅ ብቻ እንዲቆም ተደረገ። ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከኪራዩ ስለሚመጣ፣ ሥራ ከከተማው ሲርቅና ነዋሪው ሲደኸይ ሁሉ ነገር ተበላሸ፤ በዘር ልዩነት የተነሣ ሌላ መሄጃ ያልነበራቸው ጥቁር ቤተ ሰቦች በዚያ ተዘግተው ቀሩ። በ1972 መንግሥት ራሱ በፈንጂ ያፈርሰው ጀመር። ጥፋቱን በሙሉ በሥነ ሕንፃ ላይ መጫን ግን ትክክል አይደለም፤ ፎቁን ሠርቶ ሰዉን የረሳው አስተዳደር ድርሻው የበለጠ ነው።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንመለስ። አባ ማሪ አለን ኩቱሪዬ የተባሉ የዶሚኒካን ማኅበር ካህን፣ ቤተ ክርስቲያን በዘመኑ ያሉትን ታላላቅ የጥበብ ሰዎች፣ የማያምኑትንም ቢሆን፣ ለሥራዋ መጥራት አለባት ብለው ይከራከሩ ነበር። ብዙዎች ተቃወሟቸው። በሮንሻም ኮረብታ ላይ በ1944 በጦርነት የፈረሰችው የእመቤታችን የንግደት ቤተ ጸሎት እንደ ገና ልትሠራ በታሰበች ጊዜ ሌ ኮርቡዚዬ ተጠየቀ። በመጀመሪያ አልፈልግም አለ፤ ኮረብታውን ካየ በኋላ ግን እሺ አለ። የፈረሰችውን ቤተ ጸሎት ድንጋይ በግድግዳዋ ውስጥ መልሶ አስገባ፤ ጣሪያዋን በባሕር ዳርቻ ካነሣው የሸርጣን ቅርፊት አሳብ ወሰደ። ከግድግዳው በላይ ጣሪያው በቀጭን የብርሃን ክር ተለይቶ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጥንታዊቷ የእመቤታችን የእንጨት ምስል በግድግዳው ውስጥ በመስተዋት መካከል ስለ ተቀመጠች፣ በውስጥ ላሉት ጥቂቶችም በውጭ ሜዳ ለሚሰበሰቡት ብዙ ነጋድያንም ትታያለች። ቤተ ጸሎቲቱ ሰኔ 25 ቀን 1955 ተመረቀች። ቀጥተኛውን መሥመር ለከተሞች ሁሉ ሲያዝዝ የኖረው ሰው፣ በዚህች ኮረብታ ላይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ከመሥራት ተቈጠበ።

አባ ኩቱሪዬ በ1953 ደግሞ በሊዮን ከተማ አጠገብ በኤቨ ለዶሚኒካውያን ተማሪዎች የሚሆን ገዳም እንዲሠራ ጠሩት። በፊት ግን ለ ቶሮኔ የተባለውን የሲታውያን ጥንታዊ ገዳም ሄዶ እንዲያይ መከሩት፤ እርሱም ታዘዘ። አባ ኩቱሪዬ ግን ሥራውን ሳያዩ በ1954 ዐረፉ። የላ ቱሬት ገዳም በ1960 ተፈጸመ። አንድ መቶ በኣት አለው። እያንዳንዱ 1.83 ሜትር ወርድ፣ 5.92 ሜትር ርዝመት፣ 2.26 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወደ ሸለቆው የምትመለከት ትንሽ በረንዳ ይዟል። ግድግዳው ያልተለሰነ አርማታ ነው። በማረሚያ ቤት ልኬት ሲታይ ከዚህ ብዙም የማይለይ ክፍል ይገኛል። በላ ቱሬት ግን በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ውስጥ ያለው ወንድም ነው፤ ደወል ሲደወል ሁሉም ወጥተው ወደ አንድ ቤተ ጸሎት ይወርዳሉ። ሌ ኮርቡዚዬ በ1907 ያየው ኤማ በዚህ መልክ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ።

ታሪኩ ግን በዚህ አልተዘጋም። ገዳሙ ተሠርቶ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የተማሪዎቹ ቊጥር ቀነሰ፤ የትምህርቱም ቤት ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ዛሬ ጥቂት ወንድሞች ይኖሩበታል፤ የተቀሩትን በኣቶች ለጸሎትና ለጥሞና የሚመጡ እንግዶች፣ ሥነ ሕንፃውን ለማየት የሚመጡትም ይተኙባቸዋል። በ2016 ዩኔስኮ ይህን ገዳምና የሮንሻምን ቤተ ጸሎት ጨምሮ በሰባት አገሮች የሚገኙ 17 ሥራዎቹን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍሯል።

ሌ ኮርቡዚዬ ራሱ በዓመት ጥቂት ሳምንታት የሚያርፍበት ቤት በደቡብ ፈረንሳይ በሮክብሩን ባሕር ዳርቻ የምትገኝ አንዲት የእንጨት ጎጆ ነበረች። የአንዱ ጎኗ ርዝመት 3.66 ሜትር ብቻ ነው፤ ወጥ ቤት የላትም፤ ምግቡን የሚበላው ከአጠገቧ ባለ ትንሽ ምግብ ቤት ነበር። ባለቤቱ ኢቮን በ1957 ዐርፋ ብቻውን ቀርቷል። ነሐሴ 27 ቀን 1965 በሰባ ሰባት ዓመቱ በዚያው ባሕር ሲዋኝ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ፓሪስ ሲወሰድ በመንገድ ላይ ወደ ላ ቱሬት ገብቶ በገዳሙ ቤተ ጸሎት አንድ ሌሊት አደረ። ከዚያም መስከረም 1 ቀን በሉቭር ቤተ መንግሥት አደባባይ በሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ መሪነት የመንግሥት ክብር ተደረገለት። አመዱ ወደ ሮክብሩን ተመልሶ፣ አስቀድሞ እርሱ ራሱ በነደፋት ትንሽ የአርማታ መቃብር ከኢቮን አጠገብ ዐርፏል።